ቻርቱን ልሸምድደው ያለው ልጅና የተዋጊ ጄት አብራሪ ዓይን

ባለፈው ሰሞን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ደሴ ፒያሳ ያለችው መነፅር ቤቴ ገባና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ቻርት አይቶ "ጋሼ በስልኬ ፎቶ ላንሳው?" አለኝ። ለምንህ ነው ስለው መጀመሪያ ተሽኮረመመ፣ ከዛ "አየር ኃይል ልመዘገብ አስቤ ነው፣ ዓይን ላይ እንዳይጥሉኝ ልሸምድደው ብዬ" አለ። ሳቄ መጣ። ግን ዋጥኩት፣ ምክንያቱም አጎቴም እኮ መንጃ ፈቃድ ባሳደሰ ቁጥር የሚያደርገው ይሄንኑ ነበር፣ ሰልፉ ላይ ከፊቱ ያለው ሰውዬ ሲያነብ ጆሮውን ተክሎ ይሰማና ተራው ሲደርስ እንደ ዳዊት ይወጣዋል። በግራ ዓይኑ ጭራሽ እንደማያይ እኛ ቤተሰቦቹ እንኳ ያወቅነው ቆይተን ነው፣ ያውም ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ተሳቢ የሚነዳ ሰው።

ልጁን ቁጭ አደረግኩትና ቻርት ብዙ ዓይነት ነው፣ ፊደሉ ይቀያየራል፣ ደግሞ ቻርቱ ገና በሩ ነው፣ የቀለም ምርመራ አለ፣ ርቀት የመገመት አለ፣ ዓይን ውስጥ በመብራት የሚታይ አለ ብዬ ሳስረዳው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "ግን ጋሼ አሁን እኮ አውሮፕላኑ በኮምፒውተር ነው የሚበረው፣ ትንሽ ብዥ ቢልብኝ ምን ይጎዳል?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ ደንበኛ ቆሞብኝ ስለነበር በግማሽ መልስ ነው የሸኘሁት፣ ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

ሰው የጦር አብራሪ ዓይን ሲባል ንስር ምናምን ብሎ ነው የሚያስበው። እውነት ነው ዓይናቸው ጥሩ ሆኖ ነው የሚገቡት። ከዛ በኋላ ግን ሥራው ራሱ ዓይኑን ይነካካዋል፣ በብዙ መንገድ፣ አንዳንዱ በሴኮንድ አንዳንዱ በሃያ ዓመት፣ እና እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አብራሪው ችግሩ ሲሰማው የመጀመሪያ ሐሳቡ መደበቅ መሆኑ ነው። ወደሱ እመለስበታለሁ።

በጣም ከሚገርመኝ ልጀምር፣ ጂ ከሚሉት። ጂ ያው የስበት ልክ ነው፣ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠን 1 ጂ ላይ ነን። ተዋጊ ጄት በሙሉ ፍጥነት እየበረረ ሹል ኩርባ ሲታጠፍ 5፣ 7፣ እንደ ሱኮይ 27 ያለው ደግሞ እስከ 9 ጂ ይሄዳል። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ነው ብንል በ9 ጂ 45 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አንገትህ ላይ እንደተጫነብህ፣ ያውም ሄልሜቱ ሳይቆጠር። ደሙ ደግሞ ፈሳሽ ነው፣ ወደ እግር ይሸሻል።

ደሴ የኖረ ሰው ይሄን ለመረዳት ፊዚክስ አያስፈልገውም። የቧንቧ ውሃ ግፊቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጠፋው ከማን ቤት ነው? ዳገት ላይ ካለው ሰፈር ነዋ። ታች ያለው ጎረቤት ባልዲ እየሞላ አንተ ጋ ቧንቧው ያፏጫል። ልብ ታች ያለው ፓምፕ ነው፣ ዓይንና አንጎል 30 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብለው ዳገቱ ላይ አሉ። ልብ ጋ የደም ግፊቱ በአማካይ 100 ነው እንበልና እያንዳንዱ ጂ ወደ ላይ ሲወጣ 22 ያህል ይቀንስበታል፣ 4 ጂ ላይ 88 ሄዶ 12 ቀረ። አንጎል በ12ም ቢሆን እየተንጠባጠበ ይደርሰዋል። ዓይን ግን የራሱ የውስጥ ግፊት አለው፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከ10 እስከ 21 የሚሆን፣ ግላኮማ ሲመረመር የሚለካው እሱ ነው፣ ደሙ ዓይን ውስጥ ለመግባት ይሄን ግፊት ማሸነፍ አለበት። 12 ይዞ የመጣ ደም 15 ያለበት ቤት አይገባም፣ በቃ።

ስለዚህ ሰውዬው ራሱን ሳይስት፣ ሬዲዮ እየሰማ፣ እያሰበ፣ እጁ መሪው ላይ እንዳለ ዓይኑ ይጠፋበታል። መጀመሪያ ቀለም ይሄዳል ሁሉ ነገር ግራጫ ይሆናል፣ ከዛ ዳር ዳሩ ይጨልምና በቱቦ የሚያይ ይመስለዋል፣ ከዛ ድፍን ጥቁር። ዳሩ ለምን ይቀድማል ካላችሁ የሬቲና (ዓይን ውስጥ ከኋላ ብርሃኑን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ደም ሥር የሚገባው ከኋላ በአንድ ቀዳዳ ነው፣ ከዛ እየተከፋፈለ ወደ ዳር ይሄዳል፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ነው ውሃው ቀድሞ የሚቀርበት። እግርና ሆድ የሚጨምቀውን የአብራሪ ልብስ ያልለበሰና ጡንቻውን ያላጠበቀ ሰው 3 እና 4 ጂ መሀል ላይ ዳሩ ይጨልምበታል፣ 5ን ትንሽ ሲያልፍ ራሱን ይስታል። በሌላ አነጋገር የዓይን መጨለም ደወል ነው፣ ሊጠፋብህ ነው መሪውን አላላ የሚል። የሚያስፈራው ደወሉ የማይደውልበት ጊዜ ነው። አዳዲሶቹ ጄቶች ከ1 ወደ 9 ጂ በጣም በአጭር ጊዜ ይዘላሉ፣ ዓይንም አንጎልም ውስጥ ያለችው ኦክስጅን ደግሞ ለ5 ሴኮንድ ያህል ታቆያለች፣ ያቺ ስታልቅ ሁለቱም አንድ ላይ ይዘጋሉ፣ ግራጫ የለ ቱቦ የለ። እግርና ሆድ የሚጨምቀው ልብስ፣ ጡንቻ አጥብቆ በየ3 ሴኮንዱ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ መተንፈሱ፣ ሁሉም ውሃውን ዳገት ለማስወጣት ነው።

በተቃራኒው አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ሲደፋው ደሙ ወደ ጭንቅላት ይሮጣል፣ የዓይኑ ነጭ ላይ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ይፈነዱና ደም የቋጠረ ዓይን ይዞ ይወርዳል። ይሄ ሲታይ ያስፈራል እንጂ በአንድ ሁለት ሳምንት ራሱ ይጠፋል። እዚህም በሳል ብዛት ወይ ከባድ ነገር በማንሳት እንደዛ ሆነው ደንግጠው የሚመጡ አሉ፣ አብሽሩ እላቸዋለሁ።

ወደ ሌሊት በረራ ስንመጣ ደሴን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። አሜሪካኖቹ ለአብራሪ የሚሰጡት ምክር ቀን ከሆነ ከ10,000 ጫማ በላይ፣ ሌሊት ከሆነ ግን ከ5,000 ጫማ ጀምሮ ኦክስጅን ተጠቀም ነው። 5,000 ጫማ በሜትር 1,524 ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ልብስ ተከናንበን የምንተኛበት ከፍታ አብራሪው ኦክስጅን አድርግ የሚባልበት ከፍታ ነው ማለት ነው! ለነገሩ እኛ ተወልደን ያደግንበት ነው፣ ሰውነት ይለምዳል፣ ከቆላ ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ እዚህ ከፍታ የሚደርስ ሰው ግን ለመልመድ ጊዜ የለውም። የሌሊቱን ማየት የሚሠሩት የሬቲና ሴሎች ኦክስጅን በጣም ይፈልጋሉ፣ ትንሽ ሲጎድልባቸው ቀድመው የሚሰንፉት እነሱ ናቸው። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነማ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዝበታል፣ መሬት ላይ ቆሞም ከፍታ ላይ የወጣ ያህል ነው።

እነዚህ የሌሊት ሴሎች ደግሞ የዓይን መሀል ላይ የሉም፣ ዙሪያውን ነው ያሉት። ሌሊት ደብዛዛ ኮከብ አፍጥጣችሁ ስታዩት ይጠፋል፣ ትንሽ ወደ ጎን ስታዩ ይመጣል፣ ልጅ ሆነን የምንጫወተው ነበር። አብራሪ ይሄን በሥልጠና ነው የሚማረው። ሴሎቹ ጨለማ እስኪለምዱ ደግሞ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋሉ፣ የለመዱትን ለማጥፋት ግን አንድ ብልጭታ ይበቃል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በማታ የወረደ ሹፌር ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ጉም ባለበት ከፊት ለፊት አንዱ ፓውዛ ለቆበት ሲያልፍ ከዛ በኋላ ያለውን ኩርባ በግምት ነው የሚታጠፈው።

የሌሊት ማየትን ካነሳን አይቀር (ዳፍንት በቫይታሚን ኤ እጥረት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ) ያቺ ካሮት ብላ ዓይንህ ይበራል የምትባል ነገር በከፊል የጦር ፕሮፓጋንዳ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የሌሊት አብራሪዎቻችን ካሮት ስለሚበሉ ነው የጀርመንን አውሮፕላን በጨለማ የሚያገኙት ብለው አስወሩ፣ እውነቱ ግን አውሮፕላኑ ላይ ራዳር ገጥመው ነበር። ቫይታሚኑ ለጎደለበት ካሮትም ጉበትም ይረዳል፣ ላልጎደለበት ግን ኪሎ ካሮት ቢበላ የጦር አብራሪ አይሆንም።

አሁን አሁን ሌሊት የሚበሩት በናይት ቪዥን ጎግል ነው። ፊልም ላይ ስናየው ሌሊቱን ቀን የሚያደርግ ይመስላል አይደል? ግን በጎግሉ የሚታየው ስፋት 40 ዲግሪ ነው፣ ያለ ጎግል ሁለቱ ዓይን ወደ 200 ዲግሪ ያያል። ቀለም የለም፣ የተለመደው ዓይነት ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፣ ርቀት መገመት ይከብዳል፣ ሽቦ አይታይም ወይ ዘግይቶ ይታያል፣ ለሄሊኮፕተር ደግሞ ሽቦ ማለት ሞት ነው። የጎግሉ ክብደት አንገት ይጎትታል፣ ሲያወልቁት ለትንሽ ጊዜ ነጭ ነገር ቡናማ ሆኖ ይታያል። ድሮን የሚያበሩትስ? እነሱ ጂም ከፍታም የለባቸውም፣ የነሱ ችግር የስክሪን ነው፣ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግማሽም አይሞላ፣ ዓይኑ ይደርቃል ይቆረቁራል። ደረቅ ዓይን ጄት ውስጥም አለ፣ የኮክፒቱ (አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል) አየር ደረቅ ነው፣ ከኦክስጅን ማስኩ የሚያመልጠው አየር ደግሞ ቀጥታ ወደ ዓይን ይነፍሳል።

ፀሐይ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኔ እንጀራ ስለሆነ። አልትራቫዮሌት የሚባለው ለዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። አብራሪው ላይ ከላይም ከታችም ነው፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ደመና ያንፀባርቅበታል። የአውሮፕላኑ ክዳን ፖሊካርቦኔት ከሆነ አብዛኛውን ያስቀረዋል፣ የመስታወት ዊንድሺልድ ግን ዩቪኤ የሚባለውን ከፊሉን ሊያሳልፍ ይችላል። ዛሬ ሁሉም ጎረምሳ የሚያደርገው ሬይባን የመጣው ከዚህ ነው፣ የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፀሐዩ አስቸገረን ስላሉ በ1930ዎቹ ባውሽ ኤንድ ሎምብ የሚባለው ኩባንያ ሠራው። ታዲያ ፎርጅዱ ፒያሳ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል፣ እኔም ከነሱ ጋር በዋጋ መወዳደር አቅቶኛል፣ ይሄን ብሶት ተውትና የጨለመ መስታወት ሁሉ አልትራቫዮሌት አያስቀርም፣ እንዲያውም ካላስቀረ በጨለማው ምክንያት ብሌኑ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ጨረሩን ያስገባዋል። አብራሪ ፖላራይዝድ መነፅር አታድርግ ይባላል፣ የኮክፒቱን ስክሪን ሊያጨልምበት ይችላል። ፎቶግሬይ የምንለው ፀሐይ ሲነካው የሚጠቁረው ደግሞ መስታወት ውስጥ ሆነህ በደንብ አይጠቁርም፣ የሚያጠቁረውን ጨረር መስታወቱ ይይዘዋል፣ ሹፌሮች ገዝተው "አልሠራም" ብለው የሚመልሱልኝ በዚህ ነው።

ዞሮ ዞሮ የዕድሜ ልክ ፀሐይ የሚያመጣው አንዱ ነገር የዓይን ሞራ ነው። ከጠፈር የሚመጣውም ጨረር አለ፣ በ2005 በፈረንጆቹ አይስላንድ ውስጥ የወጣ ጥናት የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ላይ መሀል ላይ የሚጀምረው የሞራ ዓይነት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። የተዋጊ ጄት አብራሪ አየር ላይ የሚቆይበት ሰዓት ከነሱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩን አንስቶ እሱ ላይ መለጠፍ አይቻልም፣ እኔም አልለጥፍም።

ሞራ ካልን ግን የማልዘለው ታሪክ አለ። ነሐሴ 1940 በፈረንጆቹ ጎርደን ክሊቨር የሚባል የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ሀሪኬን የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላኑ ተመትቶ የኮክፒቱ ክዳን ተሰባበረና ስብርባሪው ሁለቱም ዓይኑ ውስጥ ገባ። ክዳኑ ፐርስፔክስ የሚባል ፕላስቲክ ነበር። ሀሮልድ ሪድሊ የሚባል የዓይን ሐኪም እንዲህ ዓይነት አብራሪዎችን ሲያክም አንድ ነገር አየ፣ ሌላ ባዕድ ነገር ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል ያመረቅዛል፣ ይሄ ፕላስቲክ ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል። ከዛ በኅዳር 1949 ለንደን ውስጥ ሞራ የወጣላት ሴት ዓይን ላይ ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ተከለ። ጓደኞቹ ሐኪሞች ለዓመታት እንደ እብድ ነው ያዩት። ዛሬ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይናቸው ታሽጎ ገብተው በማግስቱ ልጃቸውን ለይተው የሚወጡት የወሎ እናቶች ዓይን ውስጥ ያለችው ሌንስ የዛች ሌንስ ልጅ ናት፣ ከአንድ የጦር አብራሪ የተጎዳ ዓይን የመጣች። ክሊቨር ራሱም ቀሪዋን ዓይኑን ሞራ ይዞት በ1987 ሌንስ ተተክሎለታል። እዚህ አገር ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የሚመጣ ስለሆነ ይሄን ታሪክ ሱቄ ለሚመጣው ሁሉ ነው የምናገረው።

አዲሱ ነገር ሌዘር ነው። በሜይ 2018 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር (ፔንታጎን) ጅቡቲ ላይ ሁለት የሲ 130 የጭነት አውሮፕላን አብራሪዎቹ ዓይን ላይ ቀላል ጉዳት ደረሰ፣ ሌዘሩ የመጣው ከቻይና ጦር ሰፈር ነው አለ፣ ቻይና ካደች። የኮምቦልቻ ሹፌሮች ባቲን ሚሌን አልፈው በየሳምንቱ የሚደርሱባት ጅቡቲ ናት ይቺ፣ ሩቅ አገር አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ በ2023 ብቻ አውሮፕላን ላይ ሌዘር ተለቀቀ የሚል 13,304 ሪፖርት ቀርቧል። ርቀቱ ሲረዝም ጨረሩ ስለሚሰፋ ሬቲና ማቃጠሉ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ አደጋው አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲጠጋ ነው፣ የኮክፒቱ መስታወት በሙሉ አረንጓዴ ይሆንና ከዛ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዓይኑ ላይ ጠባሳ የመሰለ ብርሃን ይቀራል። ሰውን ለዘለቄታው ለማሳወር ተብሎ የተሠራ የሌዘር መሣሪያ በ1995 በወጣ ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል ተከልክሏል፣ ለጊዜው የሚያደናግረው ግን በሕጉ አይነካም። ለአብራሪ ደግሞ 10 ሴኮንድ መታወር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አሁን ወደ መደበቁ። ከአሜሪካ 3,765 አብራሪዎች ተጠይቀው በ2022 የወጣ ጥናት አለ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የበረራ ፈቃዳቸውን እንዳያጡ ፈርተው ሐኪም የሸሹበት ወይ መረጃ የደበቁበት ጊዜ እንዳለ ተናግረዋል። ጥናቱ የዓይን ብቻ አይደለም ግን ዓይን ላይ ይሄ ይብሳል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ዓይን ሁለት ስለሆነ አንዱ ለሌላው ይሸፍናል። ለምሳሌ ጭንቀት የሚበዛባቸው ከ30 እስከ 50 ዕድሜ ያሉ ወንዶች ላይ ሬቲና ሥር ውሃ የሚቋጥር በሽታ አለ፣ ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል፣ መሀሉ ላይ ጥላ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ራሱ ይሄዳል። ግን አብራሪው ለሐኪም ቢናገር መሬት ላይ ይቀመጣል፣ አውሮፕላኑ ይሄድበታል፣ አበሉ ይሄድበታል፣ ስሙም ይሄድበታል። ስለዚህ ዝም ብሎ በአንድ ዓይኑ ይበራል።

እንደኔ ችግሩ ግማሹ ያለው ደንቡ ላይ ነው። ያመመው ሁሉ ለዘላለም የሚወድቅ ከመሰለው ማን ይናገራል? ታክሞ መመለስ የሚቻልበት በር የተከፈተበት አገር ላይ ሰው ይናገራል። የአሜሪካ አየር ኃይል ድሮ መነፅር ለመተው የዓይን ኦፕራሲዮን ያደረገን አብራሪ አያስበርርም ነበር፣ ፍርሃታቸው ልክ ነበር፣ የድሮው በምላጭ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ከፍታ ላይ ዓይን ይቀይራል፣ በ1996 ኤቨረስት ላይ ቤክ ዌዘርስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በዚሁ ምክንያት ተራራው ላይ ዓይኑ ጠፍቶበት ሊሞት ነበር። በኋላ በሌዘር የሚሠራውን ራሳቸው እየሞከሩ አጥንተው ፈቀዱት፣ ላሲክ የሚባለውንም በ2007። ከዛ ወዲህ በድብቅ ማሠራትና መዋሸት ለምን ያስፈልጋል?

እዚህ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት የሚሠሩት ልጆች ማታ ማታ ዓይናቸው አሸዋ የገባበት መስሎ ሲያቃጥላቸው ድንች ቆርጠው ይጭናሉ እንጂ ለአለቃ አይናገሩም፣ ብየዳው የሚለቀው አልትራቫዮሌት የዓይናቸውን የፊት ሽፋን እያቃጠለው ነው። አጎቴም አልተናገረም። ሞራው አሁን ተሠርቶለታል፣ ሌንሷ ገብታለታለች፣ ከሐኪሙ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የጠየቀው ማታ መንዳት እችላለሁ ወይ ነው።

ልጁ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ለካሁት፣ ቀኙ ማይነስ 0.75 ግራው ማይነስ 1.00 ወጣ፣ ሩቁ ትንሽ ብዥ ይልበታል ማለት ነው፣ የነጠብጣቧን የቀለም ደብተር ግን አንድም ሳይስት አነበባት። ወረቀቱ ላይ ጻፍኩለትና ይሄን ይዘህ ሂድ፣ ቁጥሩን አሳያቸው፣ የሚሆን ከሆነ እነሱ ይንገሩህ አልኩት። "ቴክኒሺያን ክፍልስ ጋሼ?" አለኝ። ይሄንንም ጠይቃቸው አልኩት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የቻርቱን ፎቶ ግን ከስልኩ ያጠፋው አይመስለኝም።